የጉልበታችን ቀዳዳ ስንት ያወጣል?



በካምፓችን ገበያ ቦንዳ በተፈታ ቁጥር ወጣቶቻችን የሚሻሙት አዲስ የሚመስለውን ሱሪ አይደለም። የደበዘዘውን፣ ጉልበቱ የተቀደደውን፣ የአባቶቻችንን ቦላሌ የሚያስታውሰውን ሰፊ ጂንስ ነው። የድሮው ፋሽን ተመልሷልና! በዚህ አንስቅም። ያሳሰበን ሌላ ነው። ከተማሪዎቻችን አንዱ ተንበርክኮ የጭቃ ጡብ ሲሠራ ጉልበቱ ላይ ባለቀው ሱሪው አፍሮ ሦስት ቀን ከትምህርት ቀረ። በዚያው ሳምንት ሌላው ተማሪ፣ ዘመድ ከውጭ አገር የላከለትን ገንዘብ ፋብሪካ ለቀደደው ሱሪ ከፈለ፤ ጓደኞቹም አጨበጨቡለት። ቀዳዳው አንድ፣ ፍርዱ ሁለት። ይህ ምን ዓይነት ሚዛን ነው?

«ጂንስ የፈረንጅ ብልግና ነው» ከሚሉት ጋርም አንስማማም። ጂንስ የተወለደው የሠራተኛ ልብስ ሆኖ ነው። በአሜሪካ ኔቫዳ፣ ሬኖ ከተማ ልብስ ሰፊ የነበረው ጄኮብ ዴቪስ ለጉልበት ሠራተኞች የሚሰፋው ሱሪ ቶሎ እንዳይተረተር የኪሱን ማዕዘን በመዳብ ምስማር አጠበቀው። እ.ኤ.አ. በ1873 ከጨርቅ ነጋዴው ከሌቪ ስትራውስ ጋር የፈጠራውን መብት አስመዘገበ። ዴቪስ ከሪጋ፣ ስትራውስ ከባቫሪያ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ነበሩ። ሱሪውን የለበሱት ማዕድን ቆፋሪውና ከብት ነጂው ናቸው። ቀለሙ የነጣው፣ ጉልበቱም የሳሳው በላብና በዘመን ብዛት ነበር።

ዛሬ ግን ገበያው ያንን እርጅና በአንድ ቀን ሠርቶ ይሸጣል። ሀቁ ግን እርጅና ያለ ሰው ድካም አይገኝም፤ ድካሙ ከለባሹ ወደ ሠራተኛው ዞረ እንጂ። በቱርክ ወጣት ሠራተኞች በተዘጋ ክፍል ውስጥ በአዲስ ጂንስ ላይ በአየር ግፊት አሸዋ ይረጩ ነበር። የአሸዋው ብናኝ ሳምባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የተባለውን ፈውስ የሌለው በሽታ ያመጣል። ብዙዎች ታመሙ፤ የሞቱም አሉ። መንግሥት ይህን አሠራር የከለከለው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። እንግዲህ ሱሪው ያረጀ እንዲመስል የሰው ሳምባ አረጀ።

«እኛ የምንገዛው ሰልባጅ ነው፤ ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ሰልባጅ መልበስ ነውር የለበትም፤ እኛም የምንለብሰው እርሱኑ ነው። ጥያቄያችን ስለ ሱሪው ሳይሆን ስለ ጭብጨባችን ነው። ተገዝቶ ለመጣ ቀዳዳ አጨብጭበን፣ ተሠርቶበት ለተገኘ ቀዳዳ ከሳቅን፣ የናቅነው ጨርቁን ሳይሆን ሥራን ነው። ሥራን የናቀ ስደተኛ ደግሞ ምን ቀረው? «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ አባቶቻችን። የሰው ቀዳዳማ እንዴት ያደምቃል?

እኛ መምህራንም ጥፋት አለብን። ልጁ በቀረ በመጀመሪያው ቀን ቤቱ ሄደን አልጠየቅነውም። ከእንግዲህ ግን በክፍላችን በተጣፈ ሱሪ የሚስቅ ተማሪ መልሱን ከእኛ ያገኛል። መርፌና ክር ያለው ለጎረቤቱ ያውስ። ልጁም ሰኞ ተመልሶ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ። በሱሪው ላይ ያለው ቀዳዳ የራሱ ነው፤ ማንም አልሸጠለትም።