ሕዝብ ሲዛወር ወሰኑም ይታረም

አስተዋይ ነጋዴ በየዓመቱ መጋዘኑን ከፍቶ ዕቃውን ይቈጥራል። ባረጀ መዝገብ የሚነግድ ሰው ትርፉን አያውቅም፤ ኪሳራውንም በጊዜ አይደርስበትም። የምርጫ ክልል ነገርም እንዲሁ ነው።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አገሪቱ 200,000 ያህል ነዋሪ ባላቸው የምርጫ ወረዳዎች እንድትከፈል፣ እያንዳንዱም ወረዳ ሁለት እንደራሴዎች እንዲኖሩት አዝዞ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ የሕዝብ ቈጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲደረግ፣ በውጤቱና በምርጫ ቦርድ ሐሳብ መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን ወሰን እንዲወስን በአንቀጽ 103 ደንግጓል። ሕጉ መልካም ነው፤ የዘገየው ቈጠራው ነው። በ1999 ዓ.ም. ሦስተኛው ቈጠራ ሲደረግ የአዲስ አበባ ሕዝብ ከ2,700,000 በላይ ሆኖ ተመዘገበ። ለ2010 ዓ.ም. የታቀደው አራተኛው ቈጠራ ተላለፈ፤ በ2011 ዓ.ም. ዳግመኛ ተላለፈ። የ2013 ዓ.ም. ምርጫም ያለ አዲስ ቈጠራ ተካሄደ።

በዚህ መካከል ከተማይቱ መልኳን ለወጠች። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙውን ሰው ከመሐል ወደ ዳር ወሰዱት። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት በፒያሳ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ።

«ወሰኑ ቢነካ የአራዳ ድርሻ ይቀንሳል፤ ስለ ግብርና ስለ ኪራይ የሚናገርልን እንደራሴ ያንሳል» የሚሉ አይጠፉም። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን መራጭ የሚመዘገበው በሚኖርበት እንጂ በሚነግድበት ስፍራ አይደለም። ሱቁ በፒያሳ ሆኖ ቤቱ በአያት ወይም በጀሞ የሆነ ነጋዴ ድምፁን የሚሰጠው በዚያው በሰፈሩ ነው። እንግዲህ የአራዳን አሮጌ ድርሻ ሲከላከል የገዛ ቤተ ሰቡን ድምፅ ያሳንሳል።

በእንግሊዝ አገር ኦልድ ሳረም የተባለው ነዋሪ አልባ ስፍራ ሁለት እንደራሴዎች ሲልክ፣ የጥጥ ንግድ ያበለጸጋት ማንቸስተር አንድም የራሷ እንደራሴ አልነበራትም። ይህ የታረመው በ1832 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ነው። ለእርማቱ ከጮኹት መካከል ነጋዴዎችና ባለ ፋብሪካዎች ይገኙበታል።

ስለዚህ የአራዳ ነጋዴ አስቀድሞ ቈጠራው እንዲፈጸም፣ ወሰኑም የምርጫ ትኩሳት በሌለበት ጊዜ በግልጽ እንዲታረም በማኅበሩ በኩል ሊጠይቅ ይገባዋል። በሱቁ ውስጥ ሚዛን እንዲስተካከል የሚወድ ሰው፣ ለእርሱ ባያደላም እንኳ፣ የአገሩ ሚዛን እንዲስተካከል ሊወድ ያሻል።