የፊት ቅባትና የደጋ ፀሐይ

የፊትን ንጽሕናና ልስላሴ መጠበቅ ለወይዛዝርትም ለመኳንንትም የተገባ ነገር ነው እንጂ ከንቱ ውበትን መፈለግ ብቻ አይደለም። ዳሩ ግን የፊትን መጨማደድ ያስወግዳሉ እየተባሉ የሚሸጡት ክሬሞች ከቀን ወደ ቀን እየበዙ ስለ ሄዱ፥ በብልቃጦቻቸውም ላይ «ፀረ ኦክሲዳንት አለበት» የሚል ቃል ስለሚጻፍ፥ የዚህን ቃል ትርጓሜና የቅባቱን ጥቅም በልኩ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናስረዳ ወደናል።

ቃሉ ከሩቅ አገር የመጣ ቢሆንም ምሳሌው በየቤታችን ጓዳ ይገኛል። ቅቤ ያለ ቅመም ብዙ ቀን ሲቀመጥ፥ በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ስቡን እየለወጠ ጣዕሙንና ሽታውን ያበላሸዋል። ባልትና የምታውቅ እመቤት ግን ቅቤውን ስታነጥር ኮሰረትና ኮረሪማ፥ እርድና አብሽ ትጨምርበታለች። ይህም ለመዓዛው ብቻ አይደለም፤ በእነዚህ ቅመሞች ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች ኦክሲጅን ስቡን ቶሎ እንዳያበላሽ ያዘገዩታል። ፀረ ኦክሲዳንት ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

በቆዳም ላይ የሚሆነው ይህንኑ ይመስላል። የፀሐይ ጨረር ቆዳን ሲመታ፥ ነፃ ራዲካል የሚባሉ፥ ያገኙትን ሁሉ የሚያጠቁ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። ጕዳቱ እየተደጋገመ ሲሄድም ቆዳን ወጥሮ የሚይዘው ኮላጅን የተባለው ነገር ይሳሳል፤ ፊትም ይጨማደዳል። ስለዚህ ክሬም ሠሪዎች ቪታሚን ሲንና ቪታሚን ኢን በቅባቱ ይጨምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የዱክ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት 15 በመቶ ቪታሚን ሲና 1 በመቶ ቪታሚን ኢ ባለበት ቅባት ላይ 0.5 በመቶ ፌሩሊክ አሲድ ጨምረው በእንስሳ ቆዳ ቢፈትኑት፥ ቆዳን ከፀሐይ የመጠበቅ ኀይሉ ከ4 እጥፍ ወደ 8 እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ ነገሩ ፈጽሞ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም።

ይሁን እንጂ የመካነ ሰላምንና የምዕራብ ደቡብ ወሎን ደጋ ሰው የሚመለከት አንድ ትልቅ ነገር አለ። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፥ ከፍታው 1000 ሜትር በጨመረ ቍጥር አልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ብዙ ሰው ነፋሱ ስለሚበርደው ፀሐዩ የማይጎዳው ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሙቀት ሌላ፥ ጨረር ሌላ ነው። ጥቁር ቆዳችን በተፈጥሮው መጨማደድን ቢያዘገይም ፈጽሞ አያስቀረውም። ፊትን ቅቤ መቀባትም ድርቀትን ያለሰልሳል እንጂ ለጨረር የሚበቃ ጋሻ አይሆንም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. በአውስትራልያ የወጣው የምርምር ውጤት ነው። በዚህ ምርምር 903 ሰዎች ለ4 ዓመት ተኩል ተመርምረው ነበር። የፀሐይ መከላከያ ቅባት በየቀኑ እንዲቀቡ የተደረጉት ሰዎች፥ እንደ ፈቃዳቸው ከተቀቡት ይልቅ የቆዳቸው እርጅና በ24 በመቶ አንሶ ተገኘ። ቤታ ካሮቲን የተባለውን ፀረ ኦክሲዳንት በእንክብል የዋጡት ግን ካልዋጡት የተለየ ጥቅም አልታየባቸውም። ከዚህም የምንረዳው፥ ፀረ ኦክሲዳንት ረዳት እንጂ ዋና ዘበኛ አለመሆኑን ነው።

ስለዚህ ገንዘብ በከንቱ እንዳይጠፋ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ይገባል። አስቀድሞ በቀትር ጃንጥላ መያዝ፥ ሰፊ ባርኔጣ ማድረግ ወይም ነጠላን በፊት ላይ ማጥለል ነው። ቀጥሎም ቍጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት በየጥዋቱ መቀባት ነው። ከዚህ የተረፈ ገንዘብ ያለው ሰው ቪታሚን ሲ ያለበትን ክሬም ቢገዛ አይነቀፍም። ነገር ግን ቪታሚን ሲ ራሱ በብርሃንና በአየር የሚበላሽ ስለ ሆነ፥ ብርሃን በማያስገባና በሚገባ በተከደነ ዕቃ ያለውን መምረጥ፥ በመስኮት አጠገብም አለማስቀመጥ ያስፈልጋል። መልኩ ወደ ቡናማነት ከተለወጠ ኀይሉ እንደ ደከመ ይወቁት።

ቅቤን በኮሰረት አንጥራ፥ ክፍቱን በፀሐይ ላይ የምታስቀምጥ ባለሙያ የለችም። እንደዚሁም ውድ ክሬም ተቀብቶ ፊትን ያለ ጥላ ለቀትር ፀሐይ መስጠት ከብልሃት አይቈጠርም። እናቶችና አባቶች ይህን ለራሳቸው ከማወቃቸውም በላይ ልጆቻቸውን ከሕፃንነታቸው ጀምረው ጥላ መፈለግን ቢያስለምዷቸው፥ ያለ ብዙ ወጪ መልካም ስንቅ አስያዟቸው ማለት ነው።