ካርዱ ላይ «ግላኮማ» ብቻ ተጽፎ አይበቃም!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ወረቀት ነው።

በቅርቡ ከጨንቻ በኩል ወደ አርባ ምንጭ የወረዱ አንድ አባት በልጃቸው እየተመሩ ወደ ምርመራ ክፍል ገቡ። ቀኝ ዓይናቸው ብርሃንን ከጨለማ ብቻ ይለያል። ግራው ፊት ለፊት ያያል፣ ዳር ዳሩ ግን ጠፍቷል። ከዓመታት በፊት ሌላ ቦታ ታይተው ነበር።

«ምን አሉዎት አባባ?»

«የዓይን ግፊት ነው ብለው ጠብታ ሰጡኝ። ሲያልቅ ተውኩት። አላመመኝም እኮ ልጄ!»

ከኪሳቸው በወጣችው ብጣሽ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ ግላኮማ። የትኛው ዓይን? ግፊቱ ስንት ነበር? ነርቩ ምን ያህል ተጎድቶ ነበር? ምንም የለም።

ታዲያ ይሄ ምን ለውጥ ያመጣል? ብዙ ያመጣል። ሞራ በቀዶ ጥገና ይወጣል። በግላኮማ የሞተ የዓይን ነርቭ ግን አይመለስም፤ ሕክምናው የቀረውን ማትረፍ ብቻ ነው። እየተረፈ መሆኑን የምናውቀው ደግሞ የዛሬውን ከድሮው ጋር በማነጻጸር ነው። ለምሳሌ በነርቩ ራስ ላይ ያለው ጉድጓድ ዛሬ 0.7 ሆነ እንበል። ከሦስት ዓመት በፊትም 0.7 ከነበረ ሕክምናው ይዞለታል ማለት ነው። 0.4 ከነበረ ግን ነርቩ እያለቀ ነው! ቁጥሩ አንድ ነው፣ ውሳኔው ግን ለየቅል።

ኮዱም እንደዚሁ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት 10ኛው የበሽታዎች ምደባ ግላኮማ የሚመዘገበው በኤች40 ሥር ነው። የነርቭ መክሳት በኤች47.2 ነው። ነርቩ የከሳው በግላኮማ ሆኖ ሳለ መክሳቱ ብቻ ወይም «ሌላ የዓይን ሕመም» ተብሎ ከተሞላ መንስኤው ከሪፖርቱ ይጠፋል። በ2005 እና 2006 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት 5.2 በመቶው በግላኮማ የመጣ ነበር። ያልተቆጠረ በሽታ ደግሞ ጠብታም ባለሙያም አይመደብለትም።

ለሥራ ባልደረቦቼ፦ ወረፋው ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም እዚያው ነኝ። ግን የትኛው ዓይን፣ የግላኮማው ዓይነት፣ ግፊቱ፣ የነርቩ ሁኔታና የተሰጠው መድኃኒት፣ እነዚህን አምስት ነገሮች መጻፍ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ለታካሚው ግን ዓይኑ ነው።

ለእናንተ፦

1. «ግፊቴ ስንት ነው? ነርቬስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።
2. ካርዱንና የጠብታውን ብልቃጥ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ካርድ ይጠፋል፣ ሰውም ከተማ ይቀይራል።
3. አላመመኝም ብላችሁ ጠብታውን አታቋርጡ። አስም ካለባችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ለሐኪሙ ተናገሩ፤ ቲሞሎል የሚባለው ጠብታ ሊያባብሰው ይችላል።
4. በቤተሰብ ግላኮማ ካለ እህት፣ ወንድምና ልጆችም ይመርመሩ። በተለይ ከ40 ዓመት በላይ የሆናችሁ!

ለእኚያ አባት ሁሉንም ጻፍንላቸው፤ ልጃቸውም በስልኩ ፎቶ አነሳው። ቀኙን መመለስ አልቻልንም። ግራውን ግን ቀጥሎ የሚያያቸው ሐኪም ከዜሮ አይጀምርም።

ወላጆቻችሁ በገጠር ካሉ ዛሬውኑ ደውሉና ካርዳቸው የት እንዳለ ጠይቁ። ለሌሎችም ሼር አድርጉ።