ፕሮግራም የሚጽፉ ልጆቻችንና የነጋዴው ድርሻ

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ለትርኢቱ ይወጣል። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየው ይህ ማኅበር ለወጣቱ ያስተማረው ነገር አለ፤ ፈረሰኛ የሚመሰገነው ስለ ግልቢያ ባወራው ሳይሆን በሕዝብ ፊት በጋለበው ነውና። ዛሬ ለክቡራን አንባብያን የምናቀርበው ሐሳብም ከዚሁ ጋር ይዛመዳል፤ ነገሩ ግን የፈረስ ሳይሆን የኮምፒውተር ነው።

ጉግል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 ዓመት ለሆነ ተማሪዎች «ጉግል ኮድ ኢን» የሚባል ዓመታዊ ውድድር ያዘጋጅ ነበር። ውድድሩ እንደ ትምህርት ቤት ፈተና ለጥያቄ መልስ የሚጻፍበት አልነበረም። ምንጫቸው ክፍት የሆነ፥ ማለት አሠራራቸው ያልተሸሸገና ማንም ሰው አንብቦ እንዲያርማቸውና እንዲጠቀምባቸው የተፈቀዱ ፕሮግራሞችን የሚሠሩ ድርጅቶች፥ ከ3 እስከ 5 ሰዓት የሚፈጁ እውነተኛ ሥራዎችን ለልጆቹ ያድሉ ነበር። አንዱ ስሕተት ያርማል፤ ሌላው የአጠቃቀም መመሪያ ይጽፋል፤ ሦስተኛው የገጹን መልክ ይነድፋል፤ ልምድ ያለው ባለሙያም ሥራውን መርምሮ የጐደለውን እንዲያሟላ ይመልስለታል። የመጨረሻው ውድድር በ2019 ሲደረግ ከ76 አገሮች የተውጣጡ 3,566 ተማሪዎች 20,840 ሥራዎችን ፈጽመዋል። ኩባንያው ከዚያ ወዲህ ውድድሩን መተዉ በእኛ አስተያየት የሚያስቈጭ ነው።

ከአፍሪካ ታላቁን ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው ንጂ ኮሊንስ ግባህ የተባለ የ17 ዓመት ልጅ ሲሆን፥ የካሜሩን ከተማ የባሜንዳ ተወላጅ ነው። 20 ሥራዎችን አጠናቆ ውድድሩ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 በተዘጋ ማግስት መንግሥት የአካባቢውን ኢንተርኔት ቈረጠ። ልጁም ግንኙነቱን ለመቀጠል ወደ ዋናው ከተማ ወደ ያውንዴ መሄድ ግድ ሆነበት። መቋረጡ አንድ ሳምንት ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆን ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለ ነበር፥ የዳንግላ አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

እንግዲህ በአውራጃችን እንዲህ ያለ ውድድር ቢታሰብ መሥመር በሌለበትም ቀን እንዲሠራ ሆኖ መታቀድ አለበት። ይህም የሚቻል ነው። ፕሮግራሙና መመሪያው በፍላሽ ተገልብጦ ወደ ትምህርት ቤቱ ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የተፈጠረው ጊት የተባለው መሣሪያ ደግሞ የሥራውን ታሪክ በሙሉ በልጁ ኮምፒውተር ላይ ያኖራል፤ መሥመር በተገኘ ጊዜ ብቻ ከሌሎቹ ጋር ያስተባብረዋል።

ከነጋዴዎች ወገን «ነጻ የሆነ ነገር ምን ዋጋ አለው?» የሚሉ አይጠፉም። የአገራችን ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለው ፕሮግራም በኖርዌይ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጅ፥ ምንጩ ክፍት የሆነ ሥራ መሆኑን ልብ ይሏል። በአንጻሩ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ፈቃድ የሌለው የሒሳብ ፕሮግራም ከአንድ ሱቅ አስገልብጦ፥ ከቫይረሱ ጋር ተረክቦ፥ የስምንት ወር ሒሳቡን አጥቷል። ርካሽ መስሎኝ ነበር።

ለልጆቹ የሚሰጥ ሥራ ደግሞ በደጃችን ሞልቷል። በፋግታ ለኮማ ከዲከረንስ ዛፍ የሚከሰለው ከሰል በመኪና እየተጫነ ሲሄድ፥ የጆንያው ቍጥር፥ የጫኙ ዋጋና የገበሬው ቀሪ ሒሳብ በደብተር ተጽፎ ስንት ጊዜ ለክርክር ምክንያት ሆኗል! ይህን የሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም በአማርኛና በአዊኛ ቢዘጋጅ የሚጠላው ነጋዴ የለም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሲመዘገብ ለአገው ቋንቋዎች የምታገለግለው «ጘ» አብራ ገብታለች፤ ነገር ግን ፊደሏ መመዝገቧ ብቻ ቃላቱን በስልካችን ላይ አያኖርልንም። ቃላቱን መተርጐም፥ አጻጻፉን መፈተን፥ ስሕተቱን ማመልከት ቋንቋውን ከእናቱ የተማረ የ15 ዓመት ልጅ ከካሊፎርኒያው መሐንዲስ ይልቅ የሚችለው ሥራ ነው።

መንግሥት ከተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች ጋር ተባብሮ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የሚመሰገን ነው፤ ከልጆቻችንም የምስክር ወረቀቱን የያዙ አሉ። ዳሩ ግን ቀጣሪ ሆኖ የሚመለከት ነጋዴ ወረቀቱን አይቶ ልጁ ምን መሥራት እንደሚችል ሊያውቅ አይችልም። ምንጩ ክፍት በሆነ ሥራ ላይ ግን የልጁ እያንዳንዱ መሥመር፥ ስሙና ቀኑ፥ የታረመበት ስሕተት ሳይቀር ተመዝግቦ ይገኛል።

ስለዚህ ምክር ቤታችን በመጪው የክረምት ዕረፍት ለእንጅባራና ለዳንግላ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የስድስት ሳምንት ውድድር እንዲያዘጋጅ፥ መርማሪ መምህራንንም ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ እንዲለምን አሳስባለሁ። ለሽልማት ሁለት ላፕቶፕ ቢገዛ፥ ለአንድ ግብዣ ከምናወጣው ብዙ አይበልጥም። የተሠራውም ፕሮግራም ለአንድ ነጋዴ ብቻ ተሸጦ እንዳይቀር፥ ሁሉ እንዲጠቀምበት በሚፈቅድ ውል ይውጣ። ለጊዜው ከእያንዳንዱ አባል የሚፈለገው ገንዘብ አይደለም፤ በሚቀጥለው ስብሰባ በሥራው ላይ ዘወትር የሚያስቸግረውን አንድ ነገር በወረቀት ጽፎ ለጸሐፊው ይስጥ።