ለማን ነው የከበደው?

በቋንቋችን ሙግትን ሁሉ የሚዘጋ አንድ አጭር ፍርድ አለ፤ «ከባድ ነው» የሚባል። ባለፈው ሰሞን እዚሁ ዋጃ፣ ጥቂት ግጥሞቼን በወረቀት ላወጣ ላፕቶፔን ይዤ ወደ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ጎራ አልሁ። ወጣቱ ከፍቶ ኡቡንቱ መሆኑን ሲያይ ፊቱ ተኮሳተረ። «ጋሼ፣ ይኼ ለሰው አይሆንም፤ ከባድ ነው። ዊንዶውስ ልጫንልዎ?» አለኝ። ሞክሮት ያውቅ እንደሆን ጠየቅሁት። አልሞከረውም።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ያልተሞከረ ፍርድ ነው።

ለማያውቀው ላስታውስ። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ነው፤ ያሳደጉት ግን በየአገሩ ያሉ ሰዎች በደቦ ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ የፈለገ ያነበዋል፣ ያርመዋል፣ ለጎረቤቱም ያድለዋል። ከእርሱ ተሰናድቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኡቡንቱ፣ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሸትልዎርዝ ለተራው ሰው እንዲሆን ያስጀመረው ነው።

ታዲያ ዊንዶውስን «ቀላል» ያደረገው ምንድን ነው? መጀመሪያ ማውስ የጨበጥሁ ቀን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኮምፒውተሩን ለማጥፋት «ስታርት» የሚለውን መጫን እንዳለብኝ በራሴ አልደረስሁበትም፤ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ነው የነገረኝ። ፍላሻችን በቫይረስ ፋይሉ ሲሰወርብን፣ ኮምፒውተሩ በየጊዜው ፎርማት ሲደረግ፣ በክራክ የተጫነው ፕሮግራም «ግዛኝ» እያለ ሲጮኽ፣ ይህን ሁሉ ችለን «ቀላል» አልነው። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ማለት ይኸው ነው። ቀላል ያልነው የለመድነውን ነው።

«ሊኑክስ ለእኛ አይሆንም» የሚልም ኪሱን ይፈትሽ። የአንድሮይድ ስልክ አስኳሉ ሊኑክስ ነው። ማሽላውን ሽጦ ስልክ የገዛ የራያ ገበሬ ዘፈኑን የሚያዳምጠው፣ ለልጁ የሚደውለው በእርሱ ነው። ስሙን አያውቅም፤ አልከበደውም።

ይህን ስል ከሊኑክስ አፍቃሪዎች ጎን የቆምሁ እንዳይመስላችሁ። ጀማሪ «ፕሪንተሬ አልሠራም» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ጥቁር መስኮት ከፍቶ ሦስት መስመር የእንግሊዝኛ ትእዛዝ እንዲጽፍ ያዙታል፤ ሲሳሳት ይስቁበታል። ኡቡንቱ በአንድ ወቅት ሲዲውን በነጻ በፖስታ ይልክ ነበር፤ ያ እ.ኤ.አ. በ2011 ቀረ። ዛሬ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ከተማ ያለ ሰው ብዙ ጊጋባይት ማውረድ ይጠበቅበታል። ይህ እውነተኛ ክብደት ነው፤ የሚካድም አይደለም።

ከሁሉ የሚብሰው ክብደት ግን ሌላ ነው፤ የባንክ መስኮት ላይ ተቀምጬ በየቀኑ አየዋለሁ። የእንግሊዝኛ ገጽ ሲያዩ ስልካቸውን «እስቲ አንተ ነካካልኝ» ብለው የሚሰጡኝ አባት፣ ገጹ ወደ አማርኛ ሲቀየር መነጽራቸውን አስተካክለው ገንዘባቸውን ራሳቸው ይልካሉ። ስልኩ ያው ነው፤ እጃቸውም ያው ነው። የተለወጠው ቋንቋው ብቻ ነው።

እንግዲህ ክሴን ላሰማ። ክሴ በእኛ፣ ሥነ ጽሑፍ እንወዳለን በምንለው ላይ ነው። በየመድረኩ «አማርኛ እየሞተ ነው» እያልን እናለቅሳለን። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ፤ በነጻ የሚታደል «አቢሲኒካ» የተባለ ፎንትም ተሠራ፤ የአማርኛ ኪቦርድም ኡቡንቱ ውስጥ ያለ ክፍያ ይገኛል። የክፍት ሶፍትዌር የትርጉም በርም ለማንም ወለል ብሎ ተከፍቶ ቆየ። ጥቂት ሰዎች ገብተው ለፉ፤ የተረፈው ሥራ ግን አሁንም ብዙ ነው። ገጣሚው የት ነበር? «አስቀምጥ»፣ «ሰርዝ»፣ «መልስ» የሚሉትን ቃላት መርጦ በቦታቸው ማኖር ከስንኝ ማዋቀር ያነሰ ሥራ መስሎት ይሆን? ቃሉ ሲጎረብጥ «ይኼ ምን አማርኛ ነው!» ብለን የምንስቅ እኛው ነን። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው፤ ይህን እርሻ ፊንላንዳዊ አያርስልንም።

ዋጋውን ከፍዬዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ የጻፍኋቸው ግጥሞች ከዩኒኮድ ውጭ በሆነ፣ የራሱ ድብቅ ቁጥር ባለው የአማርኛ መጻፊያ የተተየቡ ነበሩ። ኮምፒውተሩ ፎርማት ሲደረግ መጻፊያው ጠፋ። ፋይሉን ስከፍት ስንኞቼ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆነው ጠበቁኝ። የተወሰኑትን በቃሌ መለስኋቸው፤ የቀሩት ቀሩ። ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ባለ ጎተራ እህል ማስገባት እንዲህ ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች ደግሞ ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። እነዚያ ማሽኖች በየትምህርት ቤቱ አቧራ ከሚለብሱ በሊኑክስ ሊሠሩ ይችላሉ። የሚያስፈልጋቸው አጠገባቸው የሚቀመጥ አንድ የሚያውቅ ሰውና ልጆቹ የሚረዱት አማርኛ ነው።

ያን ወጣት አልተቆጣሁትም። ፍላሽ ላይ አንድ ኡቡንቱ ጭኜ ሰጠሁት። «ሞክረውና ከከበደህ የከበደህን ቃል ጻፍልኝ» አልሁት። በሳምንቱ ሁለት ገጽ ሙሉ ቃል ይዞልኝ መጣ፤ ሁሉም እንግሊዝኛ ነው። አሁን በየማታው አንድ በአንድ አማርኛ እየፈለግሁላቸው ነው። የሚያግዘኝ ገጣሚ ካለ ዝርዝሩ ረጅም ነው።