ነርሷ ናት ወይስ ማሽኑ? የሕክምና መሣሪያ ሶፍትዌር ጥራት እና የሰው ሕይወት

እ.ኤ.አ. በ2006 በካናዳ አልበርታ ግዛት፣ በኤድመንተን ከተማ አንዲት የካንሰር ታካሚ ሕይወቷ አለፈ። ለሞት ያበቃት ግን በሽታው አልነበረም። በአራት ቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ደም ሥሯ እንዲገባ የታዘዘላት መድኃኒት በአራት ሰዓት ውስጥ ገብቶ በማለቁ ነበር። መድኃኒቱን ይሰጥ የነበረው ታካሚዋ ይዛው ወደ ቤቷ የምትሄደው፣ በቁልፍ ቁጥር እየተሞላለት የሚሠራ አነስተኛ ፓምፕ ነው።

ስሕተቱ የተፈጠረበትን መንገድ ለመረዳት የዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አያስፈልግም። የታዘዘው መድኃኒት 5250 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ 45.57 ሚሊ ግራም እንዲኖር ተደርጎ ተዘጋጅቷል። 5250 ለ45.57 ሲካፈል 115.2 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህ ለአራት ቀን ሲካፈል በቀን 28.8፣ ይህም ለ24 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 1.2 ሚሊ ሊትር ይመጣል። በፓምፑ ላይ መሞላት የነበረበት 1.2 ነበር። ነርሷ ግን የመጨረሻውን ማካፈል ዘለለችውና 28.8 ሞላች። ሌላ ነርስ እንደ ደንቡ ሒሳቡን ለብቻዋ ሠርታ አመሳከረች፤ እርሷም ያንኑ እርምጃ ዘለለች። በመድኃኒቱ ከረጢት ላይ በተለጠፈው ወረቀት ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ተጽፈው ስለነበር፣ 28.8ን ያየ ሰው ትክክል ነኝ ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም።

እርሻ ላይ የሚውል አንባቢ ይህንን ዓይነት ስሕተት ያውቀዋል። በሄክታር አንድ ሊትር የሚለውን የፀረ አረም መመሪያ አንድ ጥማድ ላይ ሲያውል ለአራት ማካፈሉን የረሳ ሰው፣ በ250 ሚሊ ሊትር ፋንታ ሙሉውን ሊትር ይረጫል። ልዩነቱ አዝመራው ሲጎዳ ዓይን ያየዋል፤ በፓምፑ ግን ቁጥሩ ከተሞላ በኋላ ማንም ሳያየው ሥራው ይቀጥላል።

በዌልስ የስዋንሲ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተመራማሪ የሆኑት ፕሮፌሰር ሃሮልድ ቲምብልቢ ይህንን አደጋ በተደጋጋሚ ያነሡታል። የጥያቄያቸው አቅጣጫ ከተለመደው ለየት ይላል። አደጋ ሲደርስ ሁሉም የሚጠይቀው «ማን ተሳሳተ?» ብሎ ነው። እርሳቸው የሚጠይቁት ግን «መሣሪያው ለምን ዝም አለ?» ብለው ነው። ፓምፑ የአራት ቀን መድኃኒት በአራት ሰዓት እንዲጨርስ ሲታዘዝ ያለ ተቃውሞ ተቀበለ። ውስጡ ግን ኮምፒዩተር ነው፤ ማካፈል ደግሞ ኮምፒዩተር ከሰው ይልቅ የሚችለው ሥራ ነው። የመድኃኒቱ መጠንና ጊዜው ቢነገረው ሒሳቡን ራሱ ሊሠራ ይችል ነበር። ሁለት የደከሙ ሰዎች በሒሳብ ማሽንና በወረቀት እንዲደክሙበት ያደረገው የሠሪዎቹ ምርጫ ነው።

ጉዳዩ የአንድ ሆስፒታል ብቻ እንዳልሆነ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መረጃ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ከእነዚህ ፓምፖች ጋር የተያያዙ 56 ሺህ ገደማ የችግር ሪፖርቶች ደርሰውታል፤ አምራቾችም ለ87 ጊዜ ምርታቸውን ለማስተካከል ወይም ከአገልግሎት ለማውጣት ጥሪ አድርገዋል። መሥሪያ ቤቱ ከጠቀሳቸው ዋና ዋና ምክንያቶች መካከል የሶፍትዌር ግድፈትና ለተጠቃሚ ግራ የሚያጋባ የማያና የቁልፍ አሠራር ይገኙበታል።

የቲምብልቢ ጥናት የሚበረታው እጅግ ትንሽ በሚመስል ነገር ላይ ነው፤ በነጥብ ላይ። እ.ኤ.አ. በ2010 ከዮርክ ዩኒቨርሲቲው ፖል ኬርንስ ጋር ያሳተሙት ጽሑፍ ሰዎች ቁጥር ሲሞሉ የሚፈጽሙትን ስሕተት ይመረምራል። አንዳንድ ፓምፖች ከመቶ በላይ ለሆነ ቁጥር ነጥብ አይቀበሉም። ነገር ግን «አልቀበልም» አይሉም፤ ነጥቡን ዝም ብለው ይዘሉታል። 100.1 ለመሙላት ያሰበ ባለሙያ 1001 ሞልቶ ያገኘዋል፤ ይህም አሥር እጥፍ ማለት ነው። ጣት ተንሸራቶ ነጥብ ሁለት ጊዜ ሲጫንም መሣሪያው የራሱን ግምት ወስዶ ይቀጥላል። ሁለቱ ተመራማሪዎች ያቀረቡት መፍትሔ ቀላል ነው፤ መሣሪያው ትርጉም የሌለው ቁጥር ሲገባለት ይቁም፣ ያስጠንቅቅም። ይህ ብቻ ሳይታወቅ የሚያልፈውን የአሥር እጥፍ ስሕተት በግማሽ ሊቀንሰው እንደሚችል አሳይተዋል። አዲስ ማሽን መግዛት አያስፈልግም፤ የሚለወጠው የሶፍትዌሩ ጥቂት መስመር ነው።

በስዋንሲ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ የቁልፉን ዓይነት መረመረ። እንደ ስልክ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ባሉ ቁልፎች ቁጥር የሚሞላ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በቁልፎቹ ላይ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች በሚያመለክቱ ቀስቶች የሚሞላው ግን ቁጥሩ ሲለወጥ ለማየት ማያውን መመልከት ግድ ይለዋል፤ ስለዚህ ስሕተቱን ቶሎ ያገኘዋል። ዘመናዊ መስሎ የሚታየው የቁልፍ ሰሌዳ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም ማለት ነው። የግብርና መረጃ ለማግኘት 8028 የደወለ አርሶ አደርም የተሳሳተ ቁጥር ቢጫን ስለ ጤፍ ሊሰማ ፈልጎ ስለ ስንዴ ቢሰማ ነው፤ ዘግቶ እንደገና ይደውላል። ፓምፑ ይህን ዕድል አይሰጥም።

ይህ ሁሉ የባለሙያውን ኃላፊነት ያቀልላል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም፤ ሥልጠናም ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ነገር ግን በዌልስ ብሪጀንድ በሚገኘው ፕሪንሰስ ኦፍ ዌልስ ሆስፒታል የሆነው ነገር ጥፋትን ሁሉ በሰው ላይ መጣል ወዴት እንደሚያደርስ ያሳያል። ነርሶች በታካሚዎች መዝገብ ላይ የደም ስኳር ልኬት ጽፈዋል፤ የሆስፒታሉ ኮምፒዩተር ግን ተመሳሳይ ልኬት አልነበረውም። «ሳይለኩ ፈጥረው ጻፉ» ተብለው ተከሰሱ። ቲምብልቢ ለተከሳሾቹ ወገን ባለሙያ ሆነው ቀረቡ። በችሎቱ ላይ የወጣው እውነት የመሣሪያው አምራች ኩባንያ ባለሙያ ሆስፒታሉን ጎብኝቶ ከኮምፒዩተሩ መረጃ ሰርዞ እንደነበረ ነው። ዳኛው ማስረጃው ሊታመን እንደማይችል በመወሰናቸው በችሎቱ የቀረቡት ነርሶች ነፃ ወጡ። ኮምፒዩተሩ የጎደለውን መረጃ ከማንም ሰው ቃል በላይ አምኖ የተነሣው ክስ እስከዚያ ድረስ የነርሶቹን ሕይወት አመሳቅሏል።

ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። በከተሞቻችን ብዙ የስኳር ሕሙማን መለኪያ በቤታቸው ይዘዋል፤ ከውጭ አገር በዘመድ የተላከላቸውም ጥቂት አይደሉም። በአገራችንና በአሜሪካ የተለመደው መለኪያ በዴሲ ሊትር ያለውን ሚሊ ግራም ያነባል። ከእንግሊዝ፣ ከስዊድን ወይም ከካናዳ የሚመጣው ግን በሊትር ያለውን ሚሊ ሞል ያነባል። በአንደኛው 126 የሚታየው በሌላኛው 7 ነው፤ ልዩነቱ 18 እጥፍ ነው። 70 እና ከዚያ በታች ሲሆን ስኳር ወርዷል ተብሎ የተነገረው ሰው፣ ከልጁ በተላከለት መለኪያ 14 ቢያነብ ከረሜላ ወይም ማር ሊወስድ ይችላል፤ ነገር ግን 14 ማለት በእኛ አቆጣጠር 252 ነው፤ ስኳሩ ወጥቷል እንጂ አልወረደም። ቀደም ባሉ ዓመታት አንዳንድ መለኪያዎች በአጋጣሚ ቁልፍ ሲነካ ወይም ሲወድቁ ከአንዱ አሃድ ወደ ሌላው ይቀየሩ ስለነበር የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ማንበብ፣ ግር ካለ መለኪያውን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

በሆስፒታል ደረጃ ሲታይ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንዳንድ አገሮች በእርዳታ ከሚገቡ የሕክምና መሣሪያዎች ሥራ ላይ የሚውሉት ከ10 እስከ 30 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። ስለ ቆሙት ብዙ ተብሏል። ስለሚሠሩት ግን ጥያቄ አይነሣም። በአንድ ክፍል ውስጥ ከተለያዩ ለጋሾች የመጡ ፓምፖች ካሉ፣ አንዱ ነጥብን የሚቀበልበት ሌላው የሚዘልበት ሁኔታ ሊኖር ይችላል። ከአንዱ ወደ ሌላው በአንድ ሌሊት የምትዘዋወር ነርስ የጣቷን ልማድ በየአልጋው መለወጥ ይኖርባታል። መመሪያቸው በምታነበው ቋንቋ ካልተጻፈ ደግሞ ችግሩ ይብሳል።

ቲምብልቢ ለዚህ ያቀረቡት ሐሳብ ከማቀዝቀዣ መደብር የተወሰደ ነው። በአውሮፓ ማቀዝቀዣ ሲሸጥ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚቆጥብ በቀለምና በፊደል የሚያሳይ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ገዢው ያንን አይቶ ያወዳድራል፣ አምራቹም ዝቅተኛ ፊደል ላለማግኘት ይጥራል። የሕክምና መሣሪያም ለአጠቃቀም ምን ያህል ደኅንነቱ የተጠበቀ እንደሆነ በግልጽ የሚያሳይ ምልክት ይኑረው ይላሉ። ነርሷም፣ ታካሚውም፣ ግዢ ኮሚቴውም ያዩታል።

በአገራችን የሕክምና መሣሪያን የመመዝገብና የመቆጣጠር ሥልጣን የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የግዢ ሰነድ የሚያዘጋጁ ሆስፒታሎችና የክልል ጤና ቢሮዎች ግን ምልክቱ እስኪመጣ መጠበቅ የለባቸውም። በጨረታ ሰነድ ውስጥ ዋጋና ዋስትና እንደሚጠየቀው ሁሉ፣ መሣሪያው የተሳሳተ ቁጥር ሲገባለት ምን እንደሚያደርግ ሊጠየቅ ይችላል። ከግዢው በፊት በክፍሉ የሚሠሩ አምስት ወይም ስድስት ነርሶች እንዲሞክሩት ማድረግ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። 100.1 ይሙሉ፤ ነጥብ ሁለት ጊዜ ይጫኑ፤ ማያው ምን እንደሚል ይመዝግቡ። አቅራቢው ይህንን ሙከራ ካልፈቀደ፣ ያ ራሱ በጨረታው ላይ ነጥብ የሚያስቀንስ መልስ ነው።