አህያውን ፈርተው ዳውላውን!

በእኛ አገር ጢሙን ተላጭቶ «ገና 17 ነኝ» የሚል ኳስ ተጫዋች አይተናል። በጂምናስቲክ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሕፃኗን ያስረጇታል!

እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በውድድሩ ዓመት 16 የማይሞላት ልጅ ከአዋቂዎች ጋር አትሰለፍም ተብሏል። ቻይናዊቷ ዶንግ ፋንግሺያዎ ግን በ2000 ሲድኒ ኦሊምፒክ ላይ በ14 ዓመቷ ተሰለፈች። በ2010 ጉዱ ወጣና የቡድኑ ነሐስ ተነጠቀ። ሰሜን ኮሪያማ አንዲቱን ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ «15 ናት» እያለች አስመዝግባ፣ ከ1993ቱ የዓለም ሻምፒዮና ታገደች።

ለመሆኑ ፓስፖርት የምታወጣው ልጅቱ ናት እንዴ? ቅጹን የሚሞላው አዋቂ ነው። እስከ ዛሬ ስሟ የሚብጠለጠለው ግን የእሷ! ሜዳሊያ ከልጅ አንገት ማውለቅማ ቀላል ነው። ጀግና ከሆናችሁ ባለወንበሮቹን በስማቸው ጥሩና ቅጡ!